ተጠየቅ ያጣ የትውልድ ቆጠራ

ባለፉት ሃያ ዓመታት በትርጉም ሥራዬ ምክንያት በርካታ የቤተሰብ ታሪክ ጥራዞች በእጄ አልፈዋል። ገሚሶቹን ወደ ዐረብኛ መልሻለሁ፤ ገሚሶቹን «እስቲ አንዴ ፊደሉን ተመልከትልን» ተብዬ አንብቤያለሁ፤ ጥቂቶቹም በስጦታ ደርሰውኛል። አንዳንዱ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ገብቶ ባለ ቀለም ሽፋን የለበሰ ነው። አብዛኛው ግን ካርቱም ውስጥ፣ በዴምና በጅሬፍ ሰፈሮች፣ በኮምፒዩተር ተጽፎ፣ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ፣ በአርባ ወይም በሙት ዓመት ዕለት ለዘመድ አዝማድ የታደለ ነው።

ስለ እነዚህ ጥራዞች ሂስ ሲጻፍ አላየሁም። ምክንያቱ ይገባኛል። የሟች አባቱን ፎቶግራፍ ሽፋኑ ላይ ላኖረ ሰው «ሦስተኛው ገጽህ ልክ አይደለም» ብሎ መናገር ለቅሶ ቤት ገብቶ ዕዳ እንደመጠየቅ ያስቆጥራል። ይሁን እንጂ ጥራዞቹ ከለቅሶው ቤት ወጥተው ይነበባሉ፤ ይገለበጣሉ፤ አንዱ ለሌላው ምንጭ ይሆናል። ስለዚህ ለማንኛውም መጽሐፍ የሚገባው ምርመራ ለእነርሱም ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። እኔ ራሴ በአንደኛው ላይ የፈጸምኩትን በደል ወደኋላ ስለምናገር፣ የዛሬው ሂስ ከጸሐፊው የማይጀምር እንዳይመስልብኝ።

የአብዛኞቹ አሠራር አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ ፎቶግራፍ፣ ቀጥሎ መታሰቢያ፣ ከዚያም «የትውልድ ሐረጋችን» የሚል ርእስ ይመጣል። ሐረጉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሌን ወለደ። የሐረጉ ራስ ብዙውን ጊዜ አንድ የጎንደር ንጉሥ ወይም አንድ ራስ ነው። እነዚህን ጥራዞች ብቻ ያነበበ ሰው በጎንደር ዘመን ከነገሥታቱና ከመኳንንቱ በቀር ሌላው ሕዝብ ልጅ ሳይወልድ ያለፈ ሊመስለው ይችላል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ አዝማሪው የማን ቅድመ አያት እንደሆኑ የሚናገር ጥራዝ እስካሁን አልገጠመኝም። ማዕረጉም በየትውልዱ ያድጋል። በአንዱ ጥራዝ ባላምባራስ የነበሩ ሰው፣ የወንድማቸው የልጅ ልጅ ባዘጋጀው ሌላ ጥራዝ ግራዝማች፣ በሦስተኛው ደግሞ ፊታውራሪ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ሹመት ከሞት በኋላም እንደሚቀጥል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

መኳንንት ማብዛት ግን ትልቁ ጉድለት አይደለም፤ የሰው ልጅ ሁሉ ያለበት ድካም ነው። ትልቁ ጉድለት ያለው በአንዲት ቃል ውስጥ ነው፤ «ይባላል» በምትለዋ። «ከላስታ ወደ በለሳ መጡ ይባላል»፤ «ከመተማው ጦርነት ተርፈው ሱዳን ቀሩ ይባላል»፤ «ሰባት ልጆች እንደነበሯቸው ይነገራል»። ማን አለ? ለማን አለ? መቼና የት ሆኖ አለ? የአማርኛ ግሥ በዚህ ረገድ ደግ ነው፤ ተናጋሪውን ይሸሽግለታል። ዐረብኛም «ዩቃል» የሚል ተመሳሳይ አነጋገር አለው። ልዩነቱ የሐዲስ ሊቃውንት ለዚህ አነጋገር ስም አውጥተው ማስጠንቀቂያ ማድረጋቸው ነው። «ሲጋት አት-ተምሪድ» ይሉታል፤ ስያሜው ሕመም ከሚለው ሥር የወጣ ነው። አንድ ዘገባ «ተባለ»፣ «ተነገረ» ተብሎ ሲጀመር፣ አስተላላፊው «የዚህ ወሬ ጤንነት ያጠራጥረኛል» ማለቱ እንደሆነ አንባቢው ያውቃል። እኛ ዘንድ ግን «ይባላል» የሕመም ምልክት መሆኑ ቀርቶ የክብር ልብስ ሆኗል። ነገሩ የጥንት ነው፣ የሁሉም ነው፣ ስለዚህ አይጠየቅም ለማለት ይገባል።

ዱሮ እንዲህ አልነበረም። በአማራው አገር ትውልድ መቁጠር የምሽት ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የእርሻ መሬት ጉዳይ ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ያካሄደውን ጥናት መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ ርስት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት መወለድን በማስረዳት ነበር። መወለዱም በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። አንድ ሰው ስምንት ቅድመ አያቶች ስላሉት በስምንት አቅጣጫ ለመጠየቅ በር አለው፤ እያንዳንዱም በር ሌሎች ሰዎች ቀድመው የገቡበት ነው። እንግዲህ ጠያቂ ባለበት ሁሉ ተከላካይ አለ። ትውልዱን የቆጠረው ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ «እገሌ እገሊትን ወለደ» ሲል፣ ከፊቱ የቆመው ባላጋራ ዝም አይለውም። ተጠየቅ ይለዋል። እገሊት የማን ሚስት ነበረች? ይህን ከማን ሰማህ? የነገረህ ሰው ለእርሷ ምኗ ነበር? እርሱስ ከማን ሰማ? ምስክሩ ይጠራል፤ የምስክሩ ዕድሜና ዝምድና ይመረመራል፤ አንድ ቤት የተሳሳተ ቆጣሪ መሬቱን ይነጠቃል።

የርስት ሙግት እውነትን ብቻ ያወጣ ነበር ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። የሐሰት ምስክርም የሐሰት አባትም በዚያው ይፈለፈሉ ነበር፤ ጉልበትና ወዳጅ ያለው ሰው ትውልዱን እንደሚያመቸው ሲያስተካክል መታየቱን ሆበንም ጽፎታል። ነገር ግን ያን ጊዜ ውሸቱ ባለቤት ነበረው። ማን እንዳለው፣ በየትኛው ችሎት እንዳለው፣ ማን እንደተቃወመው ይታወቅ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ርስት ቀረ። ዐዋጁ ለጭሰኛው የነበረው ትርጉም ሌላ ጉዳይ ነው። ለትውልድ ቆጠራ ግን ማንም ያላሰበውን ውጤት አስከተለበት፤ ባላጋራውን አሳጣው። ከዚያ ወዲህ አያቱን ከንጉሥ ጋር የሚያገናኝ ሰው የማንንም ማሳ ስለማይወስድ የሚከራከረው አልተገኘም። ምንጭ መጥቀስን አስፈላጊ ያደረገው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በገጹ ግርጌ «ይህን የነገሩኝ እገሌ ናቸው፤ እርሳቸውም ከአክስታቸው ሰምተው ነው» ብሎ መጻፍ፣ ፊት ለፊት የቆመው ባላጋራ ባይኖርም ለጥያቄው መልስ አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው።

«ግርጌ ማስታወሻ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ በቃል የምንኖር ሕዝብ ነን» የሚሉ አዋቂ ሰዎች አጋጥመውኛል። በዚህ አልስማማም። በጎንደር ዘመን መሬት ሲሰጥ፣ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ውሉ በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ወይም በሌላ ብራና ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ይሰፍር ነበር። ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ኢትዮጵያ የመሬት ይዞታ ታሪክ ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ያረፈው በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ነው። ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ገዢው ማን እንደሆነ፣ በማን ዘመን፣ ማን ምን ሹም ሳለ፣ እማኞቹስ እነማን እንደነበሩ በስም ይዘረዝራሉ። የምስክሮቹ ዝርዝር ከጉዳዩ የሚረዝምበት ጊዜ አለ። ያ ጸሐፊ ዲያቆን የእኛን ጥራዞች ቢያይ «ምስክሮቹ የታሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

ስለ ብራና ካነሣሁ አይቀር፣ «ከአንድ ጥንታዊ ብራና ያገኘነው» የሚለው አባባል ከ«ይባላል» በምንም አይሻልም። የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ብራና? ወንጌል ነው፣ ገድል ነው ወይስ መልክ? ስንተኛው ቅጠል ላይ ነው? እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት አማካይነት በሺሕ የሚቆጠሩ ብራናዎች ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ለእያንዳንዱም ቁጥር ተሰጥቶታል። ቁጥሩንና ቅጠሉን የጠቀሰ ጸሐፊ አንባቢውን እጁን ይዞ ወደ ጽሑፉ ያደርሰዋል።

በሱዳኖቹ ወገን ያለውንም እዚህ የኖርን ሁሉ እናውቀዋለን። የዘር ሐረጋቸውን «ኒስባ» ብለው ይዘዋል፤ የጀዐሊዮች ሐረግ እስከ ነቢዩ አጎት እስከ ዐባስ ይደርሳል። እኛ የጎንደርን ነገሥታት እንደምንወድ ማለት ነው። ሃሮልድ ማክማይክል የተባለው የእንግሊዝ ሹም እነዚህን የኒስባ ጽሑፎች ከየባለቤቶቹ እያሰባሰበ ተርጉሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 በሱዳን ስላሉ ዐረቦች ባሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አስገባቸው። የቅኝ ገዢ ሹም አመለካከቱ በየገጹ ይታያል፤ ያን ለመከላከል አልሞክርም። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የፊደልና የቁጥር ምልክት ሰጥቶ ስለሄደ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው የትኛው ስም ከየትኛው ጽሑፍ እንደመጣ መለየት ይችላል። ሐረጉን ባያምን እንኳ የመጣበትን መንገድ ያያል።

ወደ አማርኛ የገባው «ሰነድ» የሚለው ቃልም እዚህ ላይ ያስተምረናል። እኛ ሰነድ ስንል ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው የሚታየን። በዐረብኛ ግን ቃሉ መደገፊያ፣ መመርኮዣ ማለት ሲሆን፣ በሐዲስ ትምህርት ደግሞ ዘገባውን ከአፍ ወደ አፍ ያስተላለፉት ሰዎች ሰንሰለት ነው። ሰነድ ወረቀት ከመሆኑ በፊት ሰው ነበር። «ሰነድ ስለሌለን ምንጭ መጥቀስ አንችልም» የሚሉን የጥራዝ አዘጋጆች ይህን ቢያውቁ ምክንያታቸው የሚጠፋ ይመስለኛል፤ የነገሯቸው እናት ሰነድ ናቸውና።

አሁን ወደ ራሴ በደል ልምጣ። በ2003 ዓ.ም. አንድ ቤተሰብ ባለ 60 ገጽ የአማርኛ ጥራዝ አምጥቶ ወደ ዐረብኛ እንድመልስለት ጠየቀኝ። ልጆቹ ካርቱም ተወልደው በዐረብኛ የተማሩ ነበሩ። በጥራዙ ውስጥ ስለ ቤተሰቡ አባት ሲነገር «አጎታቸው ዘንድ አደጉ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። አማርኛችን የአባትን ወንድምም የእናትን ወንድምም «አጎት» ብሎ ያልፋል። ዐረብኛ እንዲህ አያልፍም፤ የአባት ወንድም «ዐም» ነው፣ የእናት ወንድም «ኻል» ነው፣ ሁለቱን የሚያጠቃልል ቃል የለም። ተርጓሚው መምረጥ አለበት፤ ለመምረጥም መጠየቅ አለበት። መሽቶ ነበር፤ ሥራውም በማግስቱ ይፈለግ ነበር፤ «ዐም» ብዬ አለፍኩ።

ከስምንት ዓመት በኋላ የዚያው ዘር ሌላ ቅርንጫፍ የራሱን ጥራዝ በአማርኛ አዘጋጀ። አዘጋጁ ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ ምንጭ ሳይጠቅሱ አልጻፉም። የመጀመሪያውን የአማርኛ ጥራዝና የእኔን ዐረብኛ አመሳከሩ። አማርኛው «አጎት» ይላል፤ ዐረብኛው «የአባት ወንድም» ይላል። እርሳቸውም ሁለቱ ምንጮች እንደሚስማሙ፣ ዐረብኛውም ይበልጥ እንደሚያብራራ ገልጸው አሳዳጊውን በአባት በኩል ባለው ሐረግ ውስጥ አስገቡ። ሁለት ምንጮች ግን አልነበሩም። አንድ ምንጭና የእኔ ስንፍና ነበሩ።

በ2013 ዓ.ም. ከዚያ አሳዳጊ አጎት የሚወለድ ወጣት አንዲት ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ልጅቷ የምትወለደው ከቤተሰቡ አባት፣ በርግጥም ከአባታቸው ወንድም ነው። ሽማግሌዎቹ ጥራዙን ገልጠው ቆጠሩ። በታተመው ሐረግ መሠረት የወጣቱና የልጅቷ ቅድመ አያቶች ወንድማማቾች ሆኑ፤ አራተኛው ቤት ላይ ተገናኙ። ሰባት ቤት ሳይሞላ እንዴት ይሆናል? ነገሩ ቆመ፤ የልጅቷ እናት ታመሙ፤ ወጣቱ ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ። በመጨረሻ ገዳሪፍ ይኖሩ ለነበሩ የአሳዳጊው ሴት ልጅ ስልክ ተደወለ። እኔም እንድገኝ ተጠርቼ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርገን ሁላችን ሰማናቸው። «አጎታቸው በእናታቸው ነው እንጂ በአባታቸው ማን አላችሁ? ማንስ ጠየቀኝ?» አሉ። ሠርጉ በዚያው ዓመት ሆነ። እኒያ እናት በ2016 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ማንስ ጠየቀኝ ያሉት ነገር አይረሳኝም። ስማቸው በሁለቱም ጥራዞች ውስጥ የለም። ርስት በእናት በኩል እኩል ሲቆጠርበት የነበረ አገር ልጆች ነን፤ የእናቱን ወገን የማያውቅ ገበሬ ግማሽ መሬቱን ያጣ ነበር። ጥራዞቻችን ግን ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይወርዳሉ። «ወለደ» የሚለው ግሥ በገጹ ላይ ሃምሳ ጊዜ ሲደጋገም «ወለደች» አንድ ጊዜም አትታይም። ለዚህ የሱዳን ኑሮም ሳያግዝ አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ። እዚህ ሰው የሚታወቀው በአራት ስም፣ በራሱ፣ በአባቱ፣ በአያቱና በቅድመ አያቱ ነው፤ ሦስቱም የአባት ወገን ናቸው። ለመኖሪያ ፈቃድ ሲባል አራት ወንዶች መደርደር የለመደ ቤተሰብ ታሪኩንም እንደዚያው ይደረድራል።

የስም ነገር ከተነሣ፣ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ ስሞቻችን ለተመራማሪ መከራ ናቸው። በሱዳን አነጋገር «ቃፍ» እንደ ገ ስለሚነበብ «ገብረ» የሚለውን የካርቱም ጸሐፊ በቃፍ ይጽፈዋል። እዚህ ያለ አንባቢ በትክክል ያነበዋል፤ ያው ወረቀት ከሱዳን ወጥቶ በመጽሐፍ ዐረብኛ ሲነበብ ግን «ቀብር»፣ ማለትም መቃብር ይሆናል። ጴጥሮስ ቡትሩስ ይሆናል፤ ጫኔና ጸጋዬ የሚያርፉበት ፊደል የለም። የአንድ እናት ልጆች በሦስት አገር ሦስት ዓይነት የአያት ስም ይዘው አይቻለሁ። ስለዚህ የማንኛውም ሰው ስም መጀመሪያ በራሱ ፊደል መጻፍ አለበት፤ የዐረብኛውና የላቲኑ አጻጻፍ ደግሞ ከየትኛው ወረቀት እንደተወሰደ ተጠቅሶ ይከተል። የክርስትና ስምም አይዘለል። በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ወልደ ሚካኤል፣ በሽማግሌ አፍ አያሌው የተባለ አንድ ሰው፣ አባትና ልጅ ተደርጎ የተቆጠረበት ጥራዝ አለኝ። በዚህም ምክንያት ያ ዘር አንድ ትውልድ ተርፎታል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ፤ የኢትዮጵያ ደራስያንን በአባታቸው ስም መጥቀስ። «ዘውዴ እንደጻፈው» ብሎ ባሕሩ ዘውዴን መጥቀስ ልጁ የጻፈውን ለአባት መስጠት ነው። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ እንኳ፣ ጀርመን አገር ተዘጋጅቶ፣ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ነው የሚያስገባቸው። እኛ ከእነርሱ ልንብስ አይገባም።

ስለ ዓመተ ምሕረት ደግሞ አጭር ነገር ልበል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት የምንለይ መሆናችንን ሁሉም ያውቃል፤ ጥራዞቹ ግን ሁለቱን አቆጣጠርና የሒጅራውን ጭምር ያለ ምልክት ይደባልቃሉ። ልጅ ከአባቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተወለደበትን ገጽ አንብቤያለሁ። የሚያሳዝነው ሽማግሌዎቹ ከእኛ ይልቅ ትክክለኞች መሆናቸው ነው። «በክፉ ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ተወለዱ» ያሉትን አዘጋጁ «በ1880ዎቹ ገደማ» ብሎ ያሳጥረዋል። ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ረኃብ ነው፤ በዚያ መካከል ዘመነ ሉቃስ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1883፣ ይውላል። ሽማግሌው ዓመቱን ለይተው ነግረውት ነበር፤ አዘጋጁ አልሰማቸውም። ለዚህ ነው የተናጋሪው ቃል እንዳለ መጻፍ ያለበት፤ የእኛ ስሌት ከሥሩ፣ የእኛ መሆኑ ታውቆ ይቀመጥ።

እነዚህ ሁሉ ጥቃቅን ይመስላሉ፤ በካርቱም ግን ጥቃቅን አይደሉም። ከዚህ በፊትም ያጣነው አለ። ጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶቹ ጦር በአቡ ዐንጃ እየተመራ ጎንደርን ሲያቃጥል፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ጋር ምስክሮቹ የተዘረዘሩባቸው ብራናዎችም ነደዱ። የተማረኩት ሴቶችና ሕፃናት ወደ ኦምዱርማን ተነዱ፤ ዘራቸው ዛሬ በሌላ ስምና በሌላ ቋንቋ አለ። ከዚያ ከ135 ዓመት በኋላ ተራው የካርቱም ሆነ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቀዳም ሥዑር ጠዋት፣ ለፋሲካ ቄጠማ በራሳችን ባሰርንበት ዕለት ጦርነቱ ተጀመረ። በግንቦት በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሙሐመድ ዑመር በሽር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ፤ ብሔራዊው ሙዚየም ተዘረፈ። በእነዚህ ላይ ዓለም ጽፏል። በዴም ባለ አንድ ክፍል ቤት ቁም ሣጥን ላይ የነበረችው ፎቶ ኮፒ ግን የሚጽፍላት የለም። ሌባ የቤተሰብ ታሪክ አይሰርቅም፤ ሣጥኑን ሲገለብጥ ግን ይረግጠዋል። ሰነዶቹ፣ በዐረብኛው ትርጉም ሰነዶቹ፣ ወደ መተማ፣ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ካይሮ ተበትነዋል፤ ብዙዎቹም አርጅተዋል።

ስለዚህ ዛሬ በየስደቱ ቦታ በእጅ ስልክ ድምፅ እየቀዱ ያሉትን ወጣቶች አደንቃለሁ፤ ግን የሚቀዱት ታሪኩን እንጂ ታሪክ ነጋሪውን አይደለም። ከመጀመራቸው በፊት ለአንድ ደቂቃ የተናጋሪውን ስም፣ ለቤተሰቡ ያለውን ዝምድና፣ የት ተወልዶ የት እንዳደገ፣ ቀኑንና ቦታውን በድምፃቸው ይናገሩ። ወሬው ሲያልቅ ደግሞ ተጠየቅ ይበሉ፤ ይህን ከማን ሰሙ? እርሳቸው በዓይናቸው አይተው ነው? ሁለት እናቶች ሁለት ዓይነት ከተናገሩ ሁለቱም በየስማቸው ይጻፉ፤ አማካዩን እየወሰዱ አንድ ማድረግ ሁለቱንም ማጥፋት ነው። አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ሾውን ሚልስ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዘር ሐረግ አጥኚዎች ባሳተመችው ወፍራም መጽሐፍ ዋናውን ጽሑፍ ከግልባጩ፣ ያየ ሰው የተናገረውን ከሰማ ሰው ቃል መለየትን አጥብቃ ታስተምራለች። የመጽሐፏ አብዛኛው ምሳሌ ሕዝብ ቆጠራና የፍርድ ቤት መዝገብ በሞላበት አገር ስለሆነ ለእኛ ይከብደናል። ይህ ልዩነት ግን ለእኛም ይሠራል፤ እኔ በ2003 ብረዳው ኖሮ ትርጉሜ ግልባጭ እንጂ ምንጭ አለመሆኑን በመጀመሪያው ገጽ ላይ እጽፍ ነበር።

«ሽማግሌን ከማን ሰማህ ማለት ነውር ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ባለኝ ልምድ ነውሩ የአጠያየቅ ነው። አብዛኞቹ አረጋውያን ስለ ነገሯቸው ሰዎች ሲጠየቁ ይደሰታሉ፤ እናታቸውን፣ የንስሐ አባታቸውን፣ እሳት ዳር የነበረውን ሰው ሁሉ ያነሣሉ። ስሜ አይጠቀስ የሚሉም አሉ፤ በተለይ የባርነት ወይም የዲቃላ ነገር ሲነሣ። መብታቸው ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁ፣ የሟች የእኅት ልጅ፣ በ80ዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሴት» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ይህ ስም የለውም፤ ተናጋሪ ግን አለው።

የ2003ቱ የዐረብኛ ጥራዝ ቅጂ ያላችሁ ዘመዶች፣ የትም ብትሆኑ፣ 34ኛውን ገጽ ግለጡ። ከላይ ስድስተኛው መስመር ላይ «ዐም» የሚለውን በአንድ ሰረዝ ሰርዛችሁ «ኻል» በሉት፤ የተሰረዘው ግን እንዲነበብ ተዉት። በኅዳጉም «የተናገሩት የአሳዳጊው ሴት ልጅ፣ ከገዳሪፍ በስልክ፣ የካቲት 2013 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ ከሰሙት አንዱ ተርጓሚው» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሥሩም ያረማችሁበትን ቀንና የራሳችሁን ስም።